ወንዝ የማይሻገር መድኃኒት

የበደለችኝ አንጓች ናት፤ የወንድሜ የዳምጤ ሚስት። ጊዜው በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የጥምቀት ዕለት፣ ታቦት ገብቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ነው። ስሟን የጠራሁት ሆን ብዬ ነው። የኔን ስም ግን አልነግራችሁም። የበዳይን ስም ማወቅ ይጠቅማል፤ ሰው ይጠነቀቅበታል። የተበዳይ ስም ለሐሜት ካልሆነ ለምንም አይሆንም።

ነገሩ የእግር ነገር ነው። ያኔ ከጉልበቴ በታች የደም ሥሮቼ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዙ ወጥተው ነበር። ጠዋት ሰማያዊ ናቸው፣ ከቀትር በኋላ ይጠቁራሉ፤ ከገበያ ስመለስ ደግሞ ቁርጭምጭሚቴና ባቴ የትኛው የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ድንች ተሸክሜ ኮሶበር ገበያ ወርጃለሁ። ኮሶበር የምላችሁ ዛሬ እንጅባራ የምትሏትን ነው። ገበያ ደርሼም አልቀመጥም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የተቀመጠች ሻጭ ገዢ ትጠብቃለች፤ የቆመችውን ግን ልትሄድ ነው ብለው ይሻሟታል» ትል ነበር። ይህን ብልሃት ያስተማረችኝ እሷ ናት። እግሩንም ያወረሰችኝ እሷው ናት።

ባል የለሽም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበረኝ። ስለ እሱ አልጽፍም።

ለእግሬ ያላደረግሁት አልነበረም። አንዷ ሳማ ተገረፊበት አለችኝ፤ ተገረፍኩ። እግሬ ድካሙን ረስቶ ማሳከኩን ያዘ፤ ሲያሳክከኝ ሰነበተና ድካሙን እንደገና አስታወሰ። ሌላዋ የኑግ ዘይት ቀቢ አለችኝ፤ ቀባሁ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ወዳጄ ሆነ። ከዚያ በኋላ እግሬን በቀሚሴ ሸፍኜ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አያድንም፤ ግን ምክር ይቀንሳል።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው የወሰኑ ቀጠሮ የመጣው።

በእኔ የድንች ቦታና በዳምጤ ማሳ መካከል ሦስት ጥማድ የገብስ መሬት አለች። ዳምጤ በአባት ነው ወንድሜ፤ እናታችን አንድ አይደለችም። አባታችን ወሰኑን ያሳየን ታሞ ከተኛበት መደብ ላይ ሆኖ በአገጩ ነው። እጁን ማንሳት አቅቶት ነበር። አገጭ ደግሞ እንደ ጣት አይደለም፤ ሰፊ ነው። እኔ ወዲህ አየሁት፣ ዳምጤ ወዲያ አየው፣ አባታችንም ሳያስተካክለን ሞተ። ሰባት ዓመት ተነታረክን። በመጨረሻ ጭቃ ሹሙ ሽማግሎች ይዞ መጣና ቀን ቆረጠ፦ የአስተርዮ ማርያም ማግሥት፣ ማክሰኞ፣ ጥር ሃያ ሁለት። በዚያ ቀን እኔም ዳምጤም፣ ከታች ከብሳናው ጀምረን እስከ ላይኛው ቋጥኝ፣ አባቴ ያሳየኝ በዚህ ነው እያልን በእግራችን እየመራን እንወጣለን። ሽማግሎቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ ሁለቱንም አይተው ያስታርቃሉ፤ ድንጋይ ይተከላል። ያልተገኘ ሰው ቀረበት። የተገኘው ብቻውን ይመራል፤ በመራበትም ይጸናል።

አቀበቱን አውቀዋለሁ። ፍየል እንኳ መሀሉ ላይ ቆማ ታስባለች።

«በበቅሎ ሆኜ ብመራስ?» ብዬ ጭቃ ሹሙን ጠየቅሁት።

«በበቅሎ የተመራ ወሰን የበቅሎዋ ነው» አለኝ።

«ሰው ብወክልስ?»

«አፍ ይወከላል። እግር አይወከልም።»

ያችን መሬት ካጣሁ የሚተርፈኝ ከቤቴ ጀርባ ያለችው የድንች ቦታ ብቻ ናት። በእሷ ደግሞ ሰው ይሰነብታል እንጂ አይኖርም። ስለዚህ ከገና ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ቀን እግሬን አያለሁ፣ ከዚያ አቀበቱን አያለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እግሬን አያለሁ።

ጥምቀት ደረሰ። አንጓች ከባሕረ ጥምቀቱ ስንመለስ አጠገቤ መጥታ እርምጃዋን ከርምጃዬ አስማማች። ይህ ብቻውን ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር፤ አንጓች ለማንም እርምጃዋን ቀንሳ አታውቅም።

«እትዬ፣ እግርዎ እኮ አንጀቴን በላው» አለችኝ።

«ይብላው» አልኳት።

«ኧረ እቴ! ወሰኑን ዳምጤ መራው እርስዎ መሩት ለኔ ምን ይጨምርልኛል? እግር ግን እግር ነው። ከፈጣም ወንዝ ማዶ አያ ውበቴ የሚባል መድኃኒት አዋቂ አለ። የናቴን እግር በሰባት ቀን እንደ ጥጃ እግር አድርጎ ነው የሰደዳት።»

«ሰባት ቀን?»

«ሰባት ቀን ብቻ። ነገ ቅዳሜ ቢሄዱ በሳምንቱ ቅዳሜ ይመለሳሉ። ወሰኑ ማክሰኞ ነው። ሦስት ቀን ይተርፍዎታል፤ እንዲያውም እስክስታ ይለማመዱበታል።»

እኔ ሰው ደግ ሲሆንልኝ የምፈራ ሴት ነኝ። ያን ዕለት ግን አልፈራሁም። ምክንያቱ ጠላ ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኝም።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልናገር። መድኃኒት ወንዝ አይሻገርም። ይህን በእኛ አገር ያልሰማ የለም። ማዶ የተቀመመ ቅጠል ይዞ የተሻገረ ሰው ወይ ኃይሉን ወንዙ ይወስድበታል፣ ወይ መድኃኒቱ ተገልብጦ በሽታ ይሆንበታል። ጠጥቶት፣ ተቀብቶት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ማዶ የሚታከም ሰው ማዶ ይቀመጣል፤ አዋቂው «ለቅቄሃለሁ» እስኪለው ድረስ ውሃ አይነካም።

ቅዳሜ ጠዋት ስንቄን ቋጥሬ ፈጣምን ተሻገርኩ። ጥር ስለሆነ ውሃው ከጉልበት በታች ነው። መንገዱ ግን ዳገት ነበርና አያ ውበቴ ደጅ ስደርስ እግሬ ያበጠ እንጀራ መስሏል። እሱ ከበሩ ፊት ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ቀጭን ነው፤ ጢሙ ወደ አንድ ጎን ያደላል።

እግሬን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

«ይድናል» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ። እንግዲያው ይጀምሩልኝ።»

«መድኃኒቴ የሚቆረጠው ረቡዕና ዓርብ ነው። የእግር ከሆነ ደግሞ ረቡዕ ብቻ።»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለኝ፣ ገመዱን እየገመደ።

በጣቴ ቆጠርኩ። ረቡዕ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት፣ ዓርብ ሦስት፣ ቅዳሜ አራት፣ እሑድ አምስት፣ ሰኞ ስድስት፣ ማክሰኞ ሰባት።

«ሰባተኛው ቀን ማክሰኞ ጠዋት ይለቁኛል?»

«ሰባተኛው ቀን መሽቶ ሲነጋ ነው የምለቀው። ረቡዕ።»

እንደገና ቆጠርኩ። አንዳንድ ሰው ቁጥር ሁለተኛ ሲቆጠር የሚራራ ይመስለዋል። አልራራም። ሚስቱ እቴ ጥሩ ከጓዳ ውሃ ይዛ ወጣችና ለእግሬ ኩርሲ እየሳበች፣ «ማን ነው ወደዚህ የመራሽ?» አለችኝ።

«አንጓች፣ የወንድሜ ሚስት።»

«ውይ አንጓች! እናቷን እዚሁ አስታማ አይደል የሄደችው? እነሱም ቅዳሜ መጥተው ረቡዕ ድረስ ቆይተው፣ ዐሥራ አንድ ቀን ተቀምጣ ስታንጎራጉር ነው የከረመች። ለመሆኑ ረቡዕ ነይ አላለችሽም?»

ዐሥራ አንድ ቀን። ከቅዳሜ ጀምሬ ዐሥራ አንድ ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አንደኛው ማክሰኞ ላይ ዐረፈ። አንጓች ይህን ሁሉ ተቀምጣ ቆጥራዋለች ማለት ነው። እኔን ወደ ወንዙ ማዶ የላከችኝ ለእግሬ አልነበረም።

ታዲያ ለምን በዚያው አልተመለስሽም የሚል ይኖራል። የሚጠይቀው እግሩ ደህና የሆነ ሰው ነው። በዚያ ቅዳሜ ከአያ ውበቴ ደጅ እስከ ማጀቱ እንኳ በግድግዳ ተደግፌ ነው የገባሁት። ብመለስም በዚህ እግር አቀበቱን አልወጣውም። ቢያንስ መድኃኒቱ አለ አልኩ፤ ምናልባት በስድስት ቀን ይለቀኛል አልኩ፤ ምናልባት ጭቃ ሹሙ ይታመማል አልኩ። ይቅር ይበለኝ፣ ለጭቃ ሹሙ ቀላል ጉንፋን ተመኘሁለት።

ረቡዕ መጣ። የአያ ውበቴ ሥርዓት ከባድ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ቅጠል ሊቆርጥ ይወጣል፤ እስኪመለስ ከሰው ጋር አይነጋገርም። በመንገድ ላይ አንድ ሰው «እንዴት አደርክ» ካለው አለቀ፤ ቅጠሉን ጥሎ ይመለሳል፤ እስከሚቀጥለው ረቡዕ ይጠበቃል። ጎረቤቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ረቡዕ ጠዋት ሲያዩት ፊታቸውን ወደ አጥር ያዞራሉ። እኔ ግን አላመንኩም። በእኛ አገር ሰላምታ ሰው የሚያወጣው አስቦ አይደለም፤ እንደ ማስነጠስ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሜ ዘብ ያዝኩ።

አያ ውበቴ ቅጠሉን ይዞ ብቅ ሲል፣ ከወዲህ በኩል ደግሞ ከጥሊሊ የሚመጣ አንድ ነጋዴ ሦስት አህያ እየነዳ ብቅ አለ። አፉን ሲከፍት አየሁት። ያ በሽተኛ እግር ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ዘልዬ አህዮቹ መሀል ገባሁና የሰውዬውን አፍ በሁለት እጄ ያዝኩት። አያ ውበቴ ቀና ሳይል አለፈ። ከዚያ ለቀቅኩት።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ሴት!»

«እንዴት አደርክ» አልኩት።

ሰውዬው አማተበና አህዮቹን እየገረፈ ሄደ። እስከ ዛሬ ጥሊሊ ገበያ ላይ ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኛል።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይጠጣል፤ ምሬቱን የምገልጽበት ቃል የለኝም፣ ኮሶ ከእሱ ጋር ሲተያይ ብርዝ ነው። ሌላው ተወቅጦ በቅቤ ይለወስና እግር ይቀባል፤ በላዩ የአህያ ጆሮ የሚሉት ሰፊ፣ ለስላሳ ቅጠል ይደረግና በልጥ ይታሰራል። ከዚያ ሰውየው ወይም ሴትየዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ እግሯ ከራሷ ከፍ ብሎ ግንድ ላይ ይሰቀላል፤ ስድስት ቀን።

«ውስጡ ምን ምን አለበት፣ አያ?» አልኩት።

«ስሙ ከተጠራ ይሸሻል።»

«በጆሮዬ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ጆሮሽ ወደ አፍሽ ቅርብ ነው።»

መድኃኒት አዋቂ ሁሉ እንዲህ ነው። አባቱ ለእሱ የነገረው ሊሞት ሲል ነው፤ እሱም ለልጁ የሚነግረው ሊሞት ሲል ነው። ድንገት የሞተ እንደሆነ አገር ሙሉ በእግሩ ይታመማል።

ተኛሁ። ስድስት ቀን የጣራውን ሣር ስቆጥር፣ በአሳቤ ያቺን አቀበት ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። የሚገርመው ግን እግሬ እየቀለለኝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ቁርጭምጭሚቴ ተመለሰ፤ ዓመት ሙሉ አላየሁትም ነበርና እንደ ዘመድ አየሁት። በአምስተኛው ቀን ሐረጎቹ ተኙ። ይህ ደግሞ አባሰብኝ። በማይረባ እግር ብቀር እግዜር ያመጣው ነው እል ነበር። በሚረባ እግር፣ ማዶ ላይ ተጋድሜ፣ መሬቴን በአንድ ቀን ላጣ ነው?

ሰኞ ማርያም ነች። እቴ ጥሩ ቤተ ክርስቲያን ሳመችና ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷ ደስ አይልም።

«ከማዶ የመጡ ሰዎች አገኘሁ» አለችኝ። «ነገ ወሰን አለብሽ እንዴ?»

«አለብኝ። ምን አሉ?»

«አንጓች ለሰዉ ሁሉ ስትናገር፣ ‹እትዬ ወሰኑን ፈርተው ጠፉ፤ የት እንደሄዱ እንኳ አልነገሩንም› ብላለች አሉ። ዳምጤም በሬ ሳይቀር አስወጥቶ ማሳውን እያየ ነው አሉ።»

እግሬን ከግንዱ ላይ አወረድኩ።

«አያ ውበቴ!»

መጣ።

«ዛሬ ይልቀቁኝ።»

«አልለቅም።»

«ልጠበውና ልሂድ።»

«የተቀባሽውን ትታጠቢዋለሽ። የጠጣሽውን በምን ትታጠቢዋለሽ? ደምሽ ውስጥ ነው ያለው። ሳይበስል ፈጣምን ከተሻገርሽ፣ ከእግርሽ ያባረረውን ወደ ልብሽ ይዞት ይወጣል። እኔ የለሁበትም።»

አልዋሻችሁም፤ ፈራሁ። መሬት ፈልጌ ልቤን ላጣ ነው? ልብ ከሌለ ገብሱን ማን ያጭደዋል? ልቤን ጠብቄ መሬቱን ባጣ ደግሞ ልቤ በምን ይኖራል? እንዲህ እያልኩ እስከ ቀትር ተገላበጥኩ። ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። ማን እንዳሳየኝ አላውቅም፤ ማርያም ናት ልል እችል ነበር፣ ግን እንዲህ ያለ ተንኮል በእሷ አላሳብብም።

«አያ ውበቴ፣ ፈጣም የሚጀምርበት ቦታ አለው?»

«ምንጭ የሌለው ወንዝ አለ?»

«ከምንጩ በላይስ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? ሣር።»

«እንግዲያው ከምንጩ በላይ ባለው ሣር ዞሬ ብሄድ፣ ወንዝ ተሻግሬያለሁ?»

አያ ውበቴ ጢሙን ወደ ሌላኛው ጎን መለሰው። ከአባቱ ተቀብሎ ሠላሳ ዓመት ሲያክም ይህን የጠየቀው አልነበረም፤ አባቱም አልነገረውም።

«አልተሻገርሽም» አለ በመጨረሻ፣ ቅር እንደተሰኘ ሰው። «ግን ቅጠሉን እንዳትፈቺ። ሌላም ውሃ እንዳትሻገሪ።»

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ እግሬን በቅጠልና በልጥ እንደታሰርኩ፣ ወንዙን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። የፈራሁት መንገዱን ሳይሆን ውሃውን ነበር። የእኛን አገር የሚያውቅ ያውቃል፤ ሁለት እርምጃ ከሄዳችሁ አንድ የሚንቆረቆር ነገር አለ። መጀመሪያ ያገኘሁት የደረቀ ቦይ ነበር። ቆምኩ። ውሃ የለውም፤ ግን ወንዝ ነኝ የሚል መልክ አለው። ወዲያ ወዲህ ብዬ የሚጀምርበትን አጥቼ፣ አጠገቡ ከብት የሚያግድ አንድ ሽማግሌ አየሁና ጠየቅሁት። በአማርኛ ዝም ሲለኝ በእናቴ ቋንቋ፣ በአገውኛ ጠየቅሁት።

«አባቴ፣ ይሄ ወንዝ ነው?»

ቦዩን አየ፣ እግሬን አየ፣ እኔን አየ።

«በክረምት ወንዝ ነው። በጥር መንገድ ነው።»

ተሻገርኩ። ሁለተኛው ግን ውሃ ነበረው፤ አንድ ጭልፋ የምታህል። ሽማግሌው አሁንም ከኋላዬ ነበር፤ ከብቱን ትቶ ተከትሎኛል፤ ምን እንደሆንኩ ማወቅ ፈልጓል።

«ይሄስ?»

«ይሄ የላም ሽንት ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ላሟ የኔ ናት።»

ደግሞ ላሟ ብቻ አይደለችም፤ ከመንጋው አንዲት ጊደር ተለይታ ተከተለችኝ። መጀመሪያ አሸተተችኝ። ቀጥሎ በዚያ ሸካራ ምላሷ እግሬን ትልስ ጀመር። ስሮጥ ትሮጣለች፤ ስቆም ትልሳለች። ከአያ ውበቴ አፍ በስንት ልመና ያልወጣው ምስጢር እንዲህ ወጣ፦ ውስጡ አሞሌ ጨው ነበረበት። ከብት ለጨው ብሎ ገደል ይገባል። ሽማግሌው ጊደሯን በጅራቷ እየጎተተ፣ እኔ እግሬን ወደ ፊት እየጎተትኩ፣ የግራ እግሬን ቅጠል እኩሌታ በልታ ነው የለቀቀችኝ።

ምንጩ ጋ ደረስን። ምንጩ ምንጭ ቢሆን ደግ ነበር፤ ረግረግ ነው። የት እንደሚጀምር አይታወቅም።

«ዓይኑ የቱ ነው?» አልኩ።

ሽማግሌው በዱላው አንድ ቋጥኝ አሳየኝ። «ከዚያ በላይ ያለው ደረቅ ነው። ግን ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ወንድሜ መሬቴን ሊወስድ ነው።»

ይህን ሲሰማ ሌላ አልጠየቀም። ክንዴን ይዞ ረግረጉን በሩቁ አዞረኝ። ለጥንቃቄ ብዬ ከቋጥኙም አንድ መቶ እርምጃ በላይ ዞርኩ። ወዲያኛው ጎን ስደርስ ልቤ ላይ እጄን አደረግሁ። ይመታል። ትንሽ ይፈጥናል፤ ግን በሱ ቦታ ብትሆኑ እናንተም ትፈጥኑ ነበር።

ማሳችን ላይ ከላይ በኩል ነው የደረስኩት፤ ከላይኛው ቋጥኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። አንጓች ቋጥኙ ሥር ለሽማግሎቹ ዳቦና ጠላ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ወደ ታች አየሁ። ዳምጤ ከፊት፣ ጭቃ ሹሙና አራቱ ሽማግሎች ከኋላ፣ አቀበቱን ጀምረው እኩሌታው ላይ ካለችው ዋንዛ ደርሰዋል። የመራበት መንገድ በእኔ በኩል ባለው ጠርዝ ነው። ሦስቱን ጥማድ እንደ ጋቢ ጠቅልሎ ይዞ እየወጣ ነበር።

«አንጓች» አልኩ።

ዞረች። ዳቦው ከእጇ ወደቀ፤ ወደ ታችም ይንከባለል ጀመር።

«እትዬ! እንዴ... አንቺ... ነገ አይደል እንዴ የሚለቅሽ?»

እንደዚያ ነው የጮኸችው፤ «እርስዎ» ማለቱን ትታ፣ ታች ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ጭቃ ሹሙ ዋንዛዋ ሥር ቆመ። ዳቦው ደርሶ እግሩ ሥር ዐረፈ።

«አንጓች!» አለ ከታች። «ነገ የሚለቃት ማን ነው?»

አንጓች ጎንበስ ብላ የጠላውን ዕቃ አስተካከለች።

«ጠዋት ስንጠይቅሽ የት እንደሄዱ አላውቅም፣ ፈርተው ጠፉ አላልሽንም?»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው...»

«የቱን ነው የሰማሽ? የመጥፋቷን ነው ወይስ የሚለቋትን ቀን?»

አንጓች ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። ጣቷን ወደ እግሬ ዘረጋች። «እዩ! ቅጠሉን ሳትፈታ ነው የመጣችው! መድኃኒት ይዛ ፈጣምን ተሻግራለች! ከኋላዋ የሄደ ሰው መድኃኒቱ ይለክፈዋል፣ ልብ በሉ!»

ሽማግሎቹ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዳምጤም አለ። አባረርኩት ያልኩት ፍርሃት ሁሉ ተመልሶ መጣ። ከኋላዬ የሚሄድ ካጣሁ ማንን እመራለሁ?

«አልተሻገርኩም!» አልኩ። «በምንጩ ዞሬ ነው የመጣሁ!»

እንግዲህ ክርክሩን ብታዩት። ሽማግሎቹ ዋንዛዋ ሥር ተቀመጡ። አንደኛው፣ ምንጭ የወንዝ እናት ስለሆነች እናትን መዞር ልጁን መሻገር ነው አለ። ሁለተኛው፣ በግ የዞረ በግ አልበላም አለ። ሦስተኛው ዳቦው ይቆረስ አለ። እኔ ከላይ ቆሜ ፀሐይዋን አያለሁ፤ ቀኑ ካለፈ ወሰኑም ያልፋል። በመጨረሻ ጭቃ ሹሙ ተነሳ።

«ወንዝ ማለት የሚሻገሩት ነው» አለ። «እሷ ምን ተሻገረች? ሣር። በሣር የሚለከፍ ሰው ካለ በሬ ሁሉ በሞተ። ተነሱ።»

«እስካሁን የመራሁትስ?» አለ ዳምጤ።

«የተረገጠ ተረግጧል። አርፍዳለችና እስከ ዋንዛዋ ያንተ ይጸናል። ከዋንዛዋ እስከ ቋጥኙ ግን እሷ ትምራ። የሷ መዘግየት ከማን ቤት እንደወጣ ሁላችንም ሰምተናል።»

ወደ ዋንዛዋ ወረድኩ፤ ከዚያም ያን አቀበት መለስ ብዬ መውጣት ጀመርኩ። አልሮጥኩም። አባቴ ያሳየኝ በዚህ ነው፣ በዚህ ነው እያልኩ፣ እርምጃ በእርምጃ። ጊደሯ የበላችው እግር ልጡ ላልቶ ቅጠሉ አንድ አንድ እያለ ይወድቃል፤ ሽማግሎቹ አንዱንም ላለመርገጥ እንደ ሚዳቋ ይዘላሉ። መሀል ላይ የላላው ልጥ ሲጠልፈኝ አንድ እጅ ክርኔን ደገፈኝ። ዳምጤ ነው።

«አባባ በአገጩ ያሳየው በዚህ ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«በዚህ ነበር።»

«እኔ በዚያ መስሎኝ ነበር።»

ምናልባት እውነቱን ነው። በዳምጤ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ጥፋቱ ማግባቱ ነው።

ቋጥኙ ጋ ስደርስ እግሬ አላበጠም ነበር። ድንጋዩ ተተከለ። ወሰናችን ዛሬም ከዋንዛዋ ላይ እንደተሰበረ ክንድ ይታጠፋል፤ ከታች አንድ ጥማድ ተኩል የእነሱ ነው፣ ከላይ አንድ ጥማድ ተኩል የኔ። ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ልቤን ሳዳምጥ ኖርኩ፤ ቀጥ ሲል «መጣ» እላለሁ፣ ሲፈጥን «ደረሰ» እላለሁ። አልመጣም፣ አልደረሰም። እግሬ ግን በሁለት ወሩ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ ድንች ሻጭ ስድስት ቀን ትተኛ ይሆናል እንጂ ዓመት ሙሉ አትተኛም።

ዳንግላ ወርጄ ወሰኑን በስሜ አስጻፍኩ። ከአንጓች ቤት እህል አልቀመስኩም። በሰኔ ስልሳ የባሕር ዛፍ ችግኝ ገዝቼ ከዋንዛዋ እስከ ቋጥኙ፣ ከእኔ በኩል፣ ከወሰኑ አንድ ክንድ ወዲህ ተከልኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከወሰኑ ወዲያ ያለው የአንጓች ገብስ መብቀል ተወ። ዳምጤ መጥቶ ዛፎቹን ቁረጪልን አለኝ። አልቆረጥኩም።